«ጅቡቲ ነው» ብለው አሳደጉኝ፣ እኔም ለልጄ ያንኑ ደገምኩት

ጥያቄ

አሰላሙ አለይኩም እህቴ፣ እንደምን አለሽ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ 33 አመቴ ነው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አንቺ ጋ የሚጽፈው ሰው ባብዛኛው የትዳር ጉዳይ ይዞ ስለሆነ የኔ ነገር ቦታው እዚህ ካልሆነ አፉ በይኝ።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። መጀመሪያ አሰብ ነበር የሚመላለሰው፣ በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተጀምሮ መንገዱ ሲዘጋ በባቲ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ መሄድ ጀመረ። ሲመጣ የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል፣ አንድ ረጅም አንድ አጭር፣ እኔ የትም ብሆን እሱን ሰምቼ ነው የምሮጠው። ቴምር ያመጣል፣ ብስኩት ያመጣል። በ1992 ክረምት ሊገባ ሲል፣ 8 አመቴ ነበር፣ ሊሄድ ሲነሳ ጫማ አምጣልኝ አልኩት፣ እሺ አለ፣ ባለፈውም እሺ ብሎ ረስቶት ስለነበር ተናድጄ «ጫማ ሳትይዝ እንዳትመጣ» አልኩት። ሳቀ፣ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎኝ ወጣ። በቃ አልመጣም። ይሄን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፣ ባሌም አያውቅም።

ከዛ የማስታውሰው ቤታችን ሰው በሰው ሆኖ እኔና ታናሽ ወንድሜ ጎረቤት መወሰዳችንን ነው። ሻይ በዳቦ ሰጡን። ቁርአን ሲቀራ ይሰማኛል፣ ሰው ሲያለቅስ ይሰማኛል፣ ማነው የሞተው ስል «የሩቅ ዘመድ ነው» አሉኝ። አባስ? «ጅቡቲ ነው፣ ስራ በዝቶበት ነው።» አንድ አመት ገደማ ማታ ማታ አስፋልት ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ተሳቢ እቆጥር ነበር። አንድ ቀን ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመር ረገጥሽ አልረገጥኩም ተባብለን ተጣላንና የጎረቤት ልጅ «አንቺ አባትሽ እኮ ሞቷል!» አለችኝ። ሮጬ ቤት ገባሁ፣ እናቴ በሰፌድ እህል እያንገዋለለች ነበር፣ «እማ፣ አባ ሞቷል እንዴ?» አልኳት፣ «ማነው የነገረሽ?» አለችኝ፣ ሰፌዱን እንኳ አላቆመችም። ስለ አባቴ ያወራነው የመጨረሻ ወሬ ያ ነው።

እንዴት እንደሞተ በደንብ አላውቅም፣ መንገድ ላይ ታሞ ነው፣ አንዷ አክስቴ ወባ ነው ትላለች፣ አንዷ ሳንባ። ቀብሩም የት እንደሆነ አላውቅም። እናቴ ሳጥን ውስጥ ሽርጡ አለ፣ ቤት ስታጸዳ አውጥታ ስትመልሰው ሁለት ሶስቴ አይቻለሁ፣ እሷ እንዳየሁ አታውቅም።

ለመጻፍ ያስነሳኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ትልቁ ልጄ 8 አመቱ ነው፣ የቤት ስራ ተሰጥቶት የቤተሰቡን ስም እየጻፈ «ያንቺ አባት የት ነው ያለው?» አለኝ። አፌ «ጅቡቲ» አለ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አባቴ ሲሞት 34 አመቱ ነበር ይባላል፣ እኔም በሚመጣው አመት 34 ነኝ፣ ከሱ ልበልጥ ነው ብዬ ሳስብ ደረቴን ይጨንቀኛል፣ የከባድ መኪና ክላክስ ስሰማም እንደዛው። እናቴን ላናግራት? እሷ ደግሞ ደም ግፊት አለባት። ልጄንስ ምን ልበለው? ወይስ ሃያ ምናምን አመት ያለፈውን ነገር መቆስቆስ ጥጋብ ነው?

የሹፌሩ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ወአለይኩም ሰላም የኔ እህት። ጥጋብ አይደለም፣ መጀመሪያ ይሄን ላስቀድም። ደብዳቤሽን ሶስቴ አነበብኩት፣ ሶስቱንም ጊዜ የቆምኩት ሰፌዷ ላይ ነው።

መርዶ ሲነገር አይተሽ ታውቂያለሽ መቼም። ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ይሰበሰባል፣ የሚናገረው ሽማግሌ ይመረጣል፣ ግራና ቀኝ የሚደግፍ ሰው ይቆማል፣ ውሃ ይያዛል፣ ከዛ ነው ቃሉ የሚወጣው፣ ምክንያቱም ያንን ወሬ ማንም ሰው ብቻውን ቆሞ እንዲሰማው አይፈለግም። ሽበት ያበቀለ ሰውዬ እንኳ ተደግፎ የሚሰማውን ነገር አንቺ በ9 አመትሽ በሰኞ ማክሰኞ ጠብ መሃል ሰማሽው፣ ደግፎ የያዘሽም ሰው አልነበረም። እኔ ደብዳቤሽን የምረዳው እንዲህ ነው፦ አባትሽ ሞቶ ሃያ አምስት አመት ሊሞላው ነው፣ ላንቺ ግን እስከዛሬ ማንም በወጉ አላረዳሽም። ለዛ ነው አፍሽ «ጅቡቲ» ያለው። ውሸት አይደለም የተናገርሽው፣ በይፋ የተነገረሽ ብቸኛው ነገር እሱ ስለሆነ ነው።

ወሎ ላይ ለቅሶ አይታወቅም የሚል ሰው የለም። ቅሬው (የሰፈሩ እድር) ይጠራል፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ቀብር ይሸኛል፣ ሀዘንተኛ ቤት እሳት ሳይነድ ምግብ ከየቤቱ ይመጣል፣ ሌላ ቦታ ሄጄ ሳይ እንዴት ያለ ሀብት እንዳለን ይገባኛል። ግን ይሄ ሁሉ የአዋቂ ነው። ልጅ ሻይ በዳቦ ይሰጠውና ጎረቤት ይላካል። እኔ እናቴን በ11 አመቴ ነው ያጣሁት፣ እዚሁ ደሴ፣ ለወራት ሴቶቹ እኔ ስገባ ወሬ ያቆሙ ነበር፣ አንዷ ቶሎ ብላ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ቡና አቀብዪ» ትላለች። ሲኒ ማቀበል ጎበዝ ሆኜ ቀረሁ።

ክፋት አልነበረም። «ልጅ ምን ያውቃል» እና «ልቡ እንዳይሰበር» የሚሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፣ ሁለቱ ራሳቸው እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ካላወቀ ልቡ በምን ይሰበራል? እውነቱን ለማወቅ የልጁን እድሜ ማየት ነው። ከ5 አመት በታች ያለ ልጅ ሞት ማለት ተመልሶ አለመምጣት መሆኑ ገና አይገባውም። 8 እና 9 ላይ ግን አብዛኛው ልጅ ይገባዋል፣ የሞተ እንደማይመለስ፣ ሁሉም ሰው እንደሚሞት ያውቃል። አንቺ የመረዳት አቅሙ ነበረሽ፣ ወሬው ነው የጎደለሽ። ልጅ ደግሞ ወሬ ሲጎድለው ባዶውን ቦታ በራሱ ይሞላዋል፣ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ደግሞ «እኔ ምን አድርጌ ነው» በሚል ነገር ነው።

ጫማው ጋ ደረስን።

በዛ እድሜ ያለ ልጅ የተናገረው ወይ ያሰበው ነገር ብቻውን አንድን ነገር ሊያስከትል እንደሚችል ያምናል፣ ይሄ ልጆችን የሚያዩ ባለሙያዎች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። ተቆጥቼው ነው የሞተው፣ ጸሎት ረስቼ ነው፣ ደብተር ቀድጄ ነው፣ ስንቱን ሰምቻለሁ። አዋቂ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ «አባትሽ የሞተው ታሞ ነው፣ አንቺ ካልሽው ነገር ጋር አይገናኝም» ቢለው ብዙ ጊዜ ይቀለዋል። ካላለው ግን ልጁ ያድጋል፣ ሀሳቡ አብሮት አያድግም፣ እንደ 8 አመት ልጅ ሆኖ ውስጡ ቁጭ ይላል። አንቺ 33 አመትሽ ነው፣ ሂሳብ ትሰሪያለሽ፣ ቤት ታስተዳድሪያለሽ፣ ያቺ ልጅ ግን አሁንም ድንጋዩ ላይ ነች። ስለዚህ አሁን እኔ ልንገራት፦ አባትሽ የሞተው ታሞ ነው። ጫማ ስለጠየቅሽው አይደለም። ሲወጣ ስቆ ጉንጭሽን ቆንጥጦ ነው የወጣው፣ አልተቀየመሽም። ይሄን ማታ ለባልሽ ንገሪው፣ ጫማውንም ጨምረሽ፣ በድምጽ ሲወጣ ሌላ ነገር ነው።

ማልቀስ እምነት ማጣት ነው የሚል ሰው እንዳይነካሽ ብዬ ጎረቤታችን ያሉትን ሸህ ጠይቄያቸው ነበር (እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ደሴ ስለሆንኩ የሁለቱንም በር አንኳኳለሁ)። ያሉኝ ይሄ ነው፣ ነቢዩ ራሳቸው የቲም ነበሩ፣ አባታቸው ሳይወለዱ ነው የሞቱት፣ እናታቸው አሚናን በ6 አመታቸው አጡ፣ አድገው ነቢይ ሆነው የእናታቸውን ቀብር ሲዘይሩ አልቅሰው አብረዋቸው የነበሩትንም አስለቅሰዋል። ከዛን ሁሉ አመት በኋላ ማለት ነው። አንቺ ሽንት ቤት ተደብቀሽ የምታለቅሺበት ምክንያት የለም።

አሁን እናትሽ። እንዴ፣ ስንት አመቷ ነበር ያኔ? ምናልባት አሁን ካንቺም ታንስ ነበር። ሁለት ልጅ ይዛ፣ አራት ወር ከአስር ቀን ኢዳ (ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት የምትቀመጠውን የሀዘን ጊዜ) ተቀምጣ፣ ደመወዙ ቆሞ። ሰፌዷን ያላቆመችው ያቆመች ቀን እንደማትነሳ ስለመሰላት ይመስለኛል። ሽርጡ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ለሰው አልሰጠችውም፣ ለደሃ አላወጣችውም፣ እያወጣች ትመልሳለች። እንግዲህ ሁለታችሁም አንድ ሰው ላይ እያለቀሳችሁ አንድ ቤት ውስጥ ተደባብቃችሁ ኖራችኋል ማለት ነው።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ልበል። በዛን ዘመን፣ በተለይ በሹፌር ቤት፣ «ሳንባ ነው»፣ «ወባ ነው» እየተባለ ብዙ ሰው ተቀብሯል፣ አንዳንዱ እውነት ወባ ነበር፣ አንዳንዱ ግን ኤች አይ ቪ ነበርና ስሙ አይጠራም ነበር፣ መድኃኒቱ እኛ አገር በነጻ መሰጠት የጀመረው ገና በ1997 ነው፣ ከዛ በፊት ስሙን መጥራት ቤተሰቡን ከሰው መነጠል ነበር። ያንቺ አባት እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም፣ አላውቅም። የምለው የእናትሽ ዝምታ ከሀዘን ሌላ ነገርም ይዞ ሊሆን ስለሚችል በምን ሞተ ብለሽ አትጀምሪ ነው። «ለምን ደበቅሽኝ» ብለሽም አትጀምሪ፣ ያ ክስ ነው፣ የተከሰሰ ሰው ደግሞ መከላከል ነው የሚያውቀው።

በልጅሽ የቤት ስራ ጀምሪ። እውነቴን ነው፣ እንደ ሰበብ ከሱ የተሻለ አይገኝም። ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ መድኃኒቷን በሰአቱ ወስዳ፣ ቡና ተፈልቶ ቶናው ላይ ስትደርሱ ደብተሩን አውጪና «እማ፣ የአባ አያት ስማቸው ማነው? እሱ የተወለደው የት ነበር?» በያት። የሞቱን ሳይሆን የህይወቱን ጠይቂ። ምን መብላት ይወድ ነበር፣ እንዴት ተገናኛችሁ። ከመለሰች ዝም ብለሽ ስሚ፣ ካለቀሰች አታባብያት፣ አብረሻት ሁኚ፣ ዝም ካለች ደግሞ ተያት፣ ሲኒውን አጥበሽ ሌላ ቀን ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ስለ ባሉ ማውራት የለበትም የሚል ህግ አልሰማሁም፣ እሷም ብትሆን ይሄን ያህል አመት አፍና መያዙ የቀለላት አይመስለኝም። የሆነ ቀን ላይ «ሽርጡን አሳዪኝ» ማለት ትችያለሽ፣ ያንን ቀን ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ምንም ካልወጣ ሌላ ሰው አለ፣ ረዳቱ። ከባድ መኪና ያለ ረዳት አይሄድም ነበር፣ በዛን ጉዞ አብሮት የነበረ ልጅ አሁን የሃምሳ ምናምን አመት ሰውዬ ይሆናል፣ የኮምቦልቻ የድሮ ሹፌሮች ደግሞ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ አንድ ሁለት ሰው ብትጠይቂ ይገኛል። የት እንደታመመ፣ ማን እንዳጠበው፣ የት እንደተቀበረ፣ ምን እያለ እንደነበር የሚያውቀው እሱ ነው። ማን ያውቃል፣ ጫማ ገዝቶ ነበር ወይስ አልገዛም የሚለውንም ያውቅ ይሆናል፣ ሳትዘጋጂ እንዳትጠይቂው ብቻ። ቀብሩ ከታወቀ ወንድምሽ ሄዶ ይዘይር፣ ሴት ቀብር መዘየሯን ኡለማዎቹ (የሃይማኖቱ አዋቂዎች) ራሳቸው ስለሚለያዩበት የሰፈርሽን ሸህ ብትጠይቂ ይሻላል። በስሙ ሰደቃ ማውጣት ግን ማንም አይከለክልሽም፣ ሰው ሲሞት ከማይቋረጡለት ሶስት ነገሮች አንዱ ዱአ የምታደርግለት ልጅ ናት አይደል የሚባለው። ድሮ የስነ ልቦና ሰዎች ሀዘን የሚያልቀው ከሟቹ ጋር ያለው ገመድ ሲቆረጥ ነው ይሉ ነበር፣ ከፍሮይድ ጀምሮ፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ በፈረንጆቹ ግን ገመዱ መልኩን ቀይሮ ሊቀጥል ይችላል፣ ጤነኛም ነው ማለት ጀምረዋል። እኛ ተዝካርና ሰደቃ እያልን ስንኖር እነሱ ዘግይተው መጡ።

ለልጅሽ ቀጠሮ አያስፈልገውም፣ ዛሬ ማታ ንገሪው። «ባለፈው አያትህ ጅቡቲ ነው ያልኩህ ልክ አልነበረም። አያትህ ሞቷል። እኔ ልክ እንዳንተ 8 አመቴ እያለ ነው የሞተው። ስለሱ ማውራት ስለሚከብደኝ ነው እንደዛ ያልኩህ።» ሞተ የሚለውን ቃል ተጠቀሚ፣ ሄደ አትበይ፣ አረፈ አትበይ፣ ሄደ የተባለ ሰው እንዴት እንደሚጠበቅ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። «አንቺም ትሞቻለሽ?» ማለቱ አይቀርም። ሁሉም ሰው አንድ ቀን ይሞታል፣ እኔ ግን ጤነኛ ነኝ፣ አላህ ካለ ገና ብዙ እንኖራለን፣ አባትህም አለ አያትህም አለች በይው። ከዛ «እሺ ኳስ ልጫወት?» ሊልሽ ይችላል፣ አትቀየሚው። ልጅ እንዲህ ነው፣ ሀዘን በጉርሻ በጉርሻ ነው የሚወስደው፣ ትንሽ ወስዶ ይሮጣል፣ ከሶስት ቀን በኋላ ጫማውን እያሰረ ድንገት ሌላ ጥያቄ ይጠይቅሻል።

34 ስለመሙላት የጻፍሽው አልገረመኝም፣ ወላጁ የሞተበትን እድሜ ሲደርስ የማይጨንቀው ሰው ብዙም አላየሁም፣ ልጅሽ 8 መሙላቱም አብሮ ነው የቆሰቆሰው። ጭንቀቱ እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ስራ ካስተወሽ፣ ወይ መኖር የሚያስጠላ ሀሳብ ከመጣብሽ ግን ምክር በመጽሄት አይሆንም፣ ሀኪም ጋ ሂጂ፣ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለ፣ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ አንድ ሰአት አይፈጅም። የአለም ጤና ድርጅትም በ2022 በፈረንጆቹ ስራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ከ6 ወር በላይ የዘለቀና ኑሮን ያስተጓጎለ ሀዘንን ራሱን የቻለ ህመም ብሎ አስገብቶታል፣ እብደት ነው የሚልሽ ሰው ካለ ይሄን ንገሪው።

ጥያቄ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ከደሴ ነው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። እህቴ በታህሳስ አረፈች፣ የ5 አመት ልጇን እኔና ባለቤቴ ወስደናል። እናቷን ስትጠይቅ «ተኝታለች፣ እግዜር ወስዷት ነው» እንላታለን። አሁን ማታ አልተኛም ብላ ታለቅሳለች፣ ትታ የነበረውን አልጋ ላይ መሽናትም ጀምራለች። ደግሞ በየቀኑ መቼ ነው የምትመጣው ትላለች፣ ነግረናት ነግረናት ደከመን።

አጎት

መልስ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ የእህትህንም ነፍስ ይማር። እናቷ ተኝታ ነው የቀረችው፣ እሷስ ለምን ትተኛ? እኔም ብሆን አልተኛም ነበር። ዛሬውኑ አስተካክሉት፦ «እማዬ ሞታለች፣ ሰው ሲሞት ሰውነቱ መስራት ያቆማል፣ አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አያመውም፣ ተመልሶም አይመጣም፣ እኛ ስንተኛ ግን ጠዋት እንነሳለን» በሏት። እግዜር ወሰዳት የሚለውን ለብቻው አትተዉላት፣ በዚህ እድሜ እግዜር ሰው የሚሰርቅ ይመስላታል፣ ነፍሷ እሱ ጋ ነች የሚለውን በኋላ ጨምሩበት። ነገ ደግማ መቼ ትመጣለች ትላችኋለች፣ ከነገ ወዲያም፣ 5 አመት ስለሆነች ነው እንጂ አልሰማችም ማለት አይደለም፣ በተመሳሳይ ቃል በተመሳሳይ ድምጽ መልሱላት። አልጋ ላይ ስትሸና አትቆጧት፣ አትቅጧት፣ ማታ አንዳችሁ አጠገቧ ጋደም በሉ። አሻንጉሊቷን አልብሳ ቀብር ቀብር ስትጫወት ብታይ ኡኡ እንዳትል፣ በሱ ነው የምትማረው።

አርባው ስላለፈ ሙት አመቱ ላይ ዳቦ ለማደል እጇን ያዙና አሰልፏት፣ ጎረቤት አትላኳት። የእህትህንም ነጠላ ገና ካላጠባችሁት አታጥቡት፣ ለሷ ስጧት ትያዘው።